ከጅማ እስከ ኑረምበርግ የገና ገበያ፦ ተማሪዎቻችንን ያስጎበኘን የጉዞ አገልግሎት ሲመዘን

ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የተውጣጡ 18 ተማሪዎችን ይዘን፣ እኔና የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ፣ የጀርመንን የገና ገበያዎች ለመጎብኘት የአምስት ቀን ጉዞ አድርገን ተመልሰናል። ከቪዛ ማመልከቻው ጀምሮ እስከ መኝታና ምግብ ድረስ ጉዞውን ያዘጋጀልን መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ አንድ የጉዞ ወኪል ነው። ከተመለስን ወዲህ ከጅማም ከአጋሮም ብዙ ወላጆችና መምህራን «እንዴት ነበር? ልጅ ለመላክ ያስደፍራል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከመመለስ ይልቅ ያየሁትን አንድ ላይ መጻፍ መረጥሁ። ከወኪሉ ጋር ያልተቋጨ የክፍያ ጉዳይ ስላለን ስሙን አልጠቅስም። የምጽፈው ግን በዓይኔ ያየሁትንና ከውሉ ላይ ያነበብሁትን ብቻ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ኑረምበርግ ለተማሪ የምትሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ ልጆቹም ጠግበው ሳይሆን ገና እየጓጉ ነው የተመለሱት። ወኪሉ ግን የሚወስዳቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚበሉና ምን እንደማይበሉ፣ ምን ዓይነት አየር ለምደው እንዳደጉ አንድም ቀን ሳይጠይቅ ነው መርሐ ግብሩን ያወጣው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ችግሮች ሁሉ የመነጩት ከዚህ አለመጠየቅ ነው።

ውሉን የተፈራረምነው በሰኔ 2016 ሲሆን ዋጋው ተቆርጦ የነበረው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ደረሰ፤ ዩሮውም ተከትሎ ወጣ። በዚህ ሁኔታ ወኪሉ በቀድሞው ዋጋ ይውሰደን ብዬ አልከራከርም፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም የመኝታውንም የሚከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነውና። ያሳዘነኝ ለውጡ በሐምሌ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስፈልግ የተነገረን በጥቅምት መጨረሻ፣ ወላጆች ሁለት ዙር ከከፈሉ በኋላ መሆኑ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሊጠራቀም ይችል የነበረውን ገንዘብ በሦስት ሳምንት ማምጣት ግዴታ ሆነ። አንዲት እናት የእቁብ ተራዋን ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጣ ነው የከፈለችው፤ ሌላው አባት ደግሞ ለመጋቢት ያሰበውን የቤት ጥገና ተወው። እንዲህ ዓይነት ውል የሚፈርም ትምህርት ቤት ምንዛሪው ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቅና ተማሪው ካልቻለ የከፈለው እንዴት እንደሚመለስለት የሚገልጽ አንቀጽ ሳያስገባ እንዳይፈርም አደራ እላለሁ። የእኛ ውል ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረውም።

በቪዛው ሥራ ወኪሉን አመሰግናለሁ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሼንገን ቪዛ ሲያመለክት የእናትም የአባትም ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የመኝታና የደርሶ መልስ ትኬት ማስረጃም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ልጅ በዶሴ አደራጅተው፣ የጎደለውን ቀድመው እየነገሩን ነው ያስኬዱት። 12 ዓመት የሞላው ሁሉ አሻራ ስለሚሰጥ ግን ልጆቹ በሙሉ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ መግባት ነበረባቸው፤ የዚህ መጓጓዣና የአንድ ሌሊት ማደሪያ በዋጋው ውስጥ እንዳልተካተተ ያወቅነው በዋዜማው ነው። ካመለከቱት 20 ተማሪዎች ሁለቱ ቪዛ ተከለከሉ። የማመልከቻው 90 ዩሮ እንደማይመለስ ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር። ወኪሉ ግን ላልሰጠው አገልግሎት፣ ማለትም ላልበሉት ምግብና ላላደሩበት አልጋ የከፈሉትን ገንዘብ ሳይቀር እስካሁን አልመለሰላቸውም። ያልተቋጨው ጉዳይ ይህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተማሪ ጓደኞቹን ለመሸኘት ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ ሻንጣ ሲጭንላቸው ማየት ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ነገር ነበር።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 1 ከጅማ ተነሥተን በሌሊቱ በረራ ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዘን ረቡዕ ማለዳ ፍራንክፈርት ደረስን። ከዚያ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዘን ኑረምበርግ ገባን። አውቶቡሱ ንጹሕ፣ ሾፌሩም ሰዓት አክባሪ ነበር፤ ስለ መጓጓዣው ከዚህ በላይ የምለው የለም። መኝታችን በከተማው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እህል ማከማቻ ሆኖ በተሠራና የነገሥታቱ ፈረሶች ያድሩበት በነበረ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ባለው የወጣቶች ማደሪያ ነበር። ይህን ቦታ የመረጠው ሰው ይመስገን። ልጆቹ በየጠዋቱ መስኮት ሲከፍቱ የከተማዋን ቀይ ጣሪያዎች ቁልቁል እያዩ ነበር። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ጅሬን ላይ ቆሞ ጅማን ማየት ማለት ነው» ያለው በትክክል ገልጾታል፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ከተማውን የሚያየው ከኮረብታ ላይ ነውና።

ስለ ብርዱ ግን በቁም ነገር መናገር ይገባል። ከወኪሉ የተላከልን የዕቃ ዝርዝር «ሙቅ ልብስ» ብሎ አልፎታል። ጅማ ውስጥ ሙቅ ልብስ ማለት ሹራብ ነው፤ ቢበዛ በላዩ ላይ ጃኬት። እኛ የገባነው ሙቀቱ ከዜሮ ብዙም ከፍ ወደማይልበት አገር ነው፤ በዚያ ላይ የገና ገበያ የሚጎበኘው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሰዓታት ቆሞ ነው። ብልህ የሆኑ ወላጆች ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ ወፍራም ካፖርት ፈልገው ገዝተው ስለነበር ላይኛው አካል ብዙም አልተጎዳም። የተጎዳው እግር ነው። አንዲት ተማሪ በሸራ ጫማ መጥታ ኖሮ በመጀመሪያው ምሽት ገበያው መካከል ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ጫማዋን ሳወልቅላት ጣቶቿ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው ነበር። የሱፍ ካልሲ ከሚሸጥበት ድንኳን ገዝተን፣ ካልሲውን በፌስታል ጠቅልለን መልሰን ጫማውን አጠለቅንላት። ታች ሶሉ ወፍራም የሆነ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ሁለት የሱፍ ካልሲ፣ ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ይያዝ ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ገበያው ልግባ። የኑረምበርግ የገና ገበያ ሃውፕትማርክት በሚባለው ዋና አደባባይ ላይ፣ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዘረጋል። ስለዚህ ገበያ የሚናገረው ጥንታዊ ማስረጃ 1628 የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ የእንጨት ሣጥን ነው፤ እዚህና ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የኑረምበርግ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 180 ያህል ከእንጨት የተሠሩ ሱቆች ጣሪያቸውን ቀይና ነጭ መስመር ባለው ጨርቅ ሸፍነው በረድፍ በረድፍ ይቆማሉ፤ የአገሩ ሰዎችም «ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች ትንሽ ከተማ» ይሏታል። ገበያው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ፣ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ሊያየው ይገባል፦ ቀን ላይ የእጅ ሥራውን ቀርቦ ለማየት፣ ማታ ደግሞ መብራቱን ለማየት። ወኪሉ በመርሐ ግብሩ ላይ ያስቀመጠልን ማታ ማታውን ብቻ ነበር፤ ማታ ደግሞ ሰው ከሰው ተጣብቆ ስለሚሄድ 18 ልጆችን በዓይን መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። ሐሙስ ጠዋት ለዕቃ መግዣ ተብሎ ወደተመደበው የገበያ ማዕከል መሄዱን ትተን ወደ አደባባዩ የተመለስነው በእኔና በባልደረባዬ ውሳኔ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው አስተዋሉት። የጅማ ልጅ ገበያ ሲባል ሂርማታን፣ ሐሙስን ያስባል፤ አያቶቻችን የሚነግሩን ከሩቅ አገር ነጋዴ በቅሎ ጭኖ የሚመጣበትን የሐሙስ ገበያ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ገበያውን ያዩት እንደ እንግዳ ብቻ ሳይሆን ገበያ እንደሚያውቅ ሰው ነበር። ዋጋ ጠይቀው ያልፋሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ ያያሉ። አንዱ የእንጨት ለውዝ መስበሪያ ወታደር አንሥቶ «ይህ በማሽን የተላገ ነው፤ ያኛው ግን በእጅ ነው» ብሎ ሲለይ ሻጩ ሴት ተገርማ የሁለቱን ልዩነት በምልክት ታስረዳው ጀመር። የልጁ አጎት ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠርብ ባለሙያ መሆኑን እዚያ ነው የሰማሁት።

በዚያ ገበያ ላይ በደረቀ ፕለም የሚሠራ የሰው ምስል ዋናው መታወቂያ ነው። እጁና እግሩ በሽቦ ላይ የተሰካ የደረቀ ፕለም፣ ራሱ የለውዝ ፍሬ፣ ልብሱ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ከተማው በየዓመቱ ያማረ ድንኳን ለሠሩ ነጋዴዎች የሚሰጠውም ሽልማት ወርቅ፣ ብርና ነሐስ የፕለም ሰው ይባላል። ልጆቹ ከገዟቸው ዕቃዎች ሁሉ ብዙ የተሸጠው ይኸው ነበር።

የሒሳብ መምህሩ ግን አንድ ድንኳን ላይ ከተሰቀለ ኮከብ ሥር አልነቃነቅ አለ። የሄርንሁት ኮከብ ይሉታል፤ ከዛሬ 200 ዓመት ገደማ በፊት በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት፣ የሞራቪያ ወንድማማች ማኅበር በሚባል የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ለጂኦሜትሪ ትምህርት መርጃ ተብሎ የተጀመረ ነው። ባልደረባዬ ልጆቹን ዙሪያውን አቁሞ ጫፎቹን አስቆጠራቸው፦ 17 መሠረታቸው አራት ማዕዘን የሆነ፣ 8 መሠረታቸው ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ በድምሩ 25። ጫፎቹ የተሰኩበት አካል ግን 26 ገጽ አለው። «26ኛው የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ እጇን ወደ ላይ ጠቁማ ገመዱ የታሰረበትን ቦታ አሳየች። ሻጩ ይህን እያየ ቆይቶ ሳይገጣጠም የሚሸጥ የወረቀት ኮከብ በቅናሽ ሰጣቸው። ዛሬ የ10ኛ ክፍል ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል።

ትኩስ መጠጥ የሚሸጠው በዓመቱ ሥዕል በተቀባ የሸክላ ኩባያ ነው። አዋቂዎች የሚጠጡት በቅመም የፈላ ወይን ስለሆነ ለልጅ «ኪንደርፑንሽ» ብሎ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርሱ የፍራፍሬ ጭማቂ በቅመም የፈላበት፣ አልኮል የሌለው ነው። ከመጠጡ ዋጋ በላይ የኩባያ መያዣ ያስከፍላሉ፤ ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘቡ ይመለሳል። ይህን ማንም አልነገረንም ነበርና የመጀመሪያው ልጅ ሒሳቡ ሲበዛበት የተታለለ መስሎት ደነገጠ። ነገሩ ሲገለጥለት ግን «የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ ማለት ነዋ!» ብሎ ለሌሎቹ ያስረዳቸው እርሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድም ኩባያ ሳይመለስ አልቀረም፤ ለእናቶቻቸው ማስታወሻ እንዲሆን መያዣውን ትተው ይዘው ከመጡት ጥቂት ኩባያዎች በቀር።

በአገልግሎቱ ውስጥ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለአስጎብኚያችን ነው። ከኢትዮጵያ ወጥታ ብዙ ዓመት እዚያው የኖረች ሴት ነች፤ ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። ያማረውን ብቻ እያሳየች አላለፈችም። እኩለ ቀን ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት አቁማን፣ ከ1509 ጀምሮ ያለውን ሰዓት፣ ንጉሠ ነገሥቱን ይመርጡ የነበሩት የሰባቱ መሳፍንት ምስሎች በንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ምስል ዙሪያ ሦስት ጊዜ ሲዞሩ አሳየችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህ አደባባይ ቀድሞ የአይሁድ ሰፈር እንደነበር፣ በ1349 ከ500 በላይ ሰዎች ተገድለው ሰፈሩ እንደፈረሰ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በምኩራባቸው ቦታ ላይ እንደተሠራ ነገረቻቸው። ደግሞም በዙሪያቸው የሚያዩት ጥንታዊ የሚመስል ከተማ አብዛኛው ጃንዋሪ 2 ቀን 1945 በአውሮፕላን ድብደባ ወድሞ እንደገና የተሠራ መሆኑን፣ ገበያውም በጦርነቱ ተቋርጦ የተከፈተው በ1948 መሆኑን አስረዳቻቸው። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ የጠየቋት ጥያቄ በክፍል ውስጥ በአንድ ወር ከምሰማው ይበልጣል።

ክሪስትኪንድ የምትባለውን የገበያውን ተምሳሌትም አይተናል። በየሁለት ዓመቱ ከ16 እስከ 19 ዓመት ካሉ የከተማዋ ልጃገረዶች አንዷ ትመረጣለች፤ ገበያውን የምትከፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ቆማ ግጥም በማንበብ ስለሆነ ከፍታ የማትፈራ መሆን አለባት። የወርቅ ዘውድና ነጭ በወርቅ ልብስ ለብሳ ስታልፍ ልጆቻችን ከእነርሱ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ መሆኗ አስገረማቸው። አስጎብኚዋ በ2019 የተመረጠችው ልጅ አባቷ ከህንድ የመጣ በመሆኑ በማኅበራዊ ሚዲያ ስትዘለፍ ብዙ ሰው እንደቆመላት ስትነግራቸው፣ ሴቶቹ ተማሪዎች ልብ ብለው ነው ያዳመጡት።

የምግቡ ጉዳይ ግን ይቅር የሚባል አልነበረም። ከ18ቱ ተማሪዎች 11ዱ ሙስሊሞች፣ 5ቱ ኦርቶዶክሶች፣ 2ቱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። አውሮፓውያን የገና ገበያቸውን የሚዘረጉበት ጊዜ ለእኛ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ይህን አንድ የኢትዮጵያ የጉዞ ወኪል አያውቅም ማለት አይቻልም። በመጀመሪያው ምሽት፣ ከሌሊት በረራና ከአውቶቡስ ጉዞ በኋላ፣ አስቀድሞ ተከፍሎበት የቀረበልን እራት የኑረምበርግ ቋሊማ ነበር፦ ጣት የምታክል፣ በከሰል የተጠበሰች፣ በከተማዋ ስም የምትታወቅ፣ ከአሳማ ሥጋ የምትሠራ። በ18 ሳህን ላይ ስድስት ስድስት ተደርድሮ መጣ። ልጆቹ ማንንም አላስቸገሩም፤ ዝም ብለው ዳቦውን ማንሣት ጀመሩ። መብላት የሚችሉት ሁለቱ ልጆች እንኳ ለጓደኞቻቸው ሲሉ ሳህናቸውን ገፉት። አስተናጋጁ ግራ ተጋብቶ ምን እንዳጠፋ ይጠይቀን ነበር፤ እርሱ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው ያቀረበው።

አስጎብኚዋ ይህን እንዳየች ኮቷን ደርባ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአንድ የቱርኮች ምግብ ቤት ያለ ቅቤ ያሠራችውን የምስር ሾርባና ሩዝ በትልልቅ ዕቃ አስይዛ ተመለሰች፤ ሒሳቡንም ከኪሷ ከፍላ ነበር። በማግሥቱ ብንመልስላትም የቀሩትን ቀናት ምግብ ያስተካከለችው እርሷ እንጂ ወኪሉ አይደለም። በስልክ ያነጋገርነው የወኪሉ ሠራተኛ የመለሰልን «የምግብ ምርጫ ከጉዞው 30 ቀን በፊት በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት» የሚል ነው። ውሉን መልሼ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። ቢኖርበትም እንኳ ጠያቂው መሆን ያለበት ልጆቹን የሚወስደው ነው።

ገበያው ላይ ጾመኛም ሙስሊምም ያለ ሥጋት የሚበላው አለ። በስኳር የተለበጠ ለውዝ ትኩስ ትኩሱን በወረቀት ጥቅል ይሸጣል፤ ቼስትነት የሚባለው በከሰል የሚጠበስ የዛፍ ፍሬ ደግሞ ሽታው በክረምት ጅማ መንገድ ዳር የሚጠበሰውን እሸት በቆሎ ያስታውሳል፣ ጣዕሙ ወደ ስኳር ድንች ያደላል። የድንች ቂጣው ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ጾመኛ ይጠይቅ። የዓርብ ሶላትንም መርሐ ግብሩ አላሰበበትም ነበር፤ ባልደረባዬ ራሱ ሙስሊም ስለሆነ ወንዶቹን ይዞ ወደ መስጊድ ሄደ፣ እኔ ከቀሩት ጋር ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ላይ ቆየሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነበረው የሌብኩኸን መጋገሪያ ትምህርት የጉዞው ሁሉ ጫፍ ነው። ይህን ያካተተው ወኪሉ ስለሆነ ምስጋናውን አልነፍገውም። ሌብኩኸን በማርና በቅመም የሚጋገር የኑረምበርግ የገና ኬክ ነው፤ የጋጋሪዎቹ ማኅበር ራሱን ችሎ የቆመው በ1643 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው «ኤሊዘን» የሚባለው ሲሆን ቢያንስ 25 በመቶው እንደ አልሞንድና ሃዘልነት ያለ የለውዝ ዓይነት መሆን አለበት፤ ዱቄቱ ደግሞ ከ10 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቀድም። ለምን ኑረምበርግ የዚህ መዲና ሆነች ለሚለው፣ ጋጋሪው ሽማግሌ የሰጠን መልስ ለጂኦግራፊ መምህር ስጦታ ነበር። በአንድ በኩል ከተማዋን የከበበው የነገሥታቱ ጫካ በማር የታወቀ ስለነበር «የንጉሠ ነገሥቱ የንብ አትክልት» ይባል ነበር፤ ንብ አርቢዎቹም ማሩን የሚቆርጡት ዛፍ ላይ ወጥተው ከግንዱ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማዋ ከቬኒስ የሚመጣው የቅመም ንግድ መንገድ ላይ ነበረች። ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ አያት ያላቸው ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

ቅመሞቹን በየሳህኑ አድርጎ ሲያስሸትታቸው ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ዝንጅብሉን፣ ድንብላሉን በአማርኛም በኦሮምኛም ስማቸውን እየጠሩ አለፉ። ሄሉ ላይ ሲደርሱ ግን አንዷ ከጾመኞቹ ተማሪዎች ከኮቷ ኪስ እናቷ ለሻይ ብላ የሰጠቻትን ሁለት ፍሬ ኮረሪማ አወጣች። ሽማግሌው አንዱን ተቀብሎ ልጣጩን በጥፍሩ ሰነጠቀና ዘሩን አውጥቶ በመዳፉ አሸው፤ አፍንጫው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቅ «ከጅማ፣ ከከፋ፣ ከጫካ ውስጥ» ብዬ መለስሁ፤ አስጎብኚዋም ተረጎመችልኝ። ያን ጊዜ ዘሩን በሙቀጫ ወቅጦ የልጅቷ ሊጥ ላይ ብቻ ነሰነሰው። ኬኩ እንቁላል ስላለበት ጾመኞቹ አምስቱ ጋግረው አልቀመሱም፤ በደንብ በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ ለሳምንታት እንደሚቆይ ስለተነገራቸው ግን ለገና ብለው አሸጉት።

ለሕፃናት ተብሎ ሃንስ ዛክስ በሚባለው አደባባይ የሚዘረጋው የልጆች የገና ገበያ፣ ባለ ፎቅ ተሽከርካሪ ፈረስ፣ ትንሽ ባቡርና ልጆች ራሳቸው ብስኩት የሚጋግሩባቸውና ሻማ የሚሠሩባቸው ቤቶች ያሉት ነው። ተማሪዎቼ ዕድሜያቸው ከፍ ቢልም ሻማ መሥራቱን በጣም ወደውት ነበር፤ የተመደበልን ግን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበር ሰባቱ ተራ ሳይደርሳቸው ወጣን። ያን ቀን ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ በሮመርበርግ አደባባይ ያለውን የገና ገበያ ለማየት ሁለት ሰዓት ተሰጠን። ስሙ ከ1393 ጀምሮ የሚጠቀስ ገበያ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ትቶ፣ በድካም፣ በሕዝብ መካከል ማየት ማየት አይባልም። ለሁለት ከተማ አራት ቀን አይበቃም። ፍራንክፈርትን ትቶ ያንኑ ጊዜ ለልጆቹ ገበያ መስጠት ይሻል ነበር።

ይህን ጉዞ ለሌላ ትምህርት ቤት እመክራለሁ ወይ ለሚለኝ፣ ኑረምበርግን አዎን፣ በዚህ መልኩ የተዘጋጀውን አገልግሎት ግን እስኪስተካከል ድረስ አልመክርም። ሁለቱ ቪዛ የተከለከሉ ልጆች የከፈሉት እስኪመለስላቸው ድረስ ደግሞ ዳግመኛ ከዚህ ወኪል ጋር አንፈራረምም፤ ይህን በደብዳቤ አሳውቀናል። ሌላ ወኪል የሚይዝ ትምህርት ቤት የልጆቹን የምግብና የጾም ሁኔታ፣ የሶላት ሰዓትና የጫማ ነገር በውሉ አባሪ ላይ ያስጽፍ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን፣ በብርሃን፣ በዋናው አደባባይ ላይ ያሳልፍ፤ ሐሙስ ጠዋት ያየነውን ያህል በሦስቱ ምሽቶች አላየንምና። አስጎብኚ ሲመረጥም የእኛን ቋንቋና የዚያን አገር ታሪክ እኩል የምታውቅ ሰው እንድትመደብ ይጠይቅ። ካገኙ ዋጋው ቢጨምርም አይቆጫቸውም።

ታኅሣሥ 29 ቀን ኮረሪማ የሰጠችው ተማሪ ቤት ለገና ተጠርቼ ነበር። ዶሮ ወጡ ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ ልጅቷ ከጓዳ ቆርቆሮውን አምጥታ የታሸገበትን ፕላስተር በቢላዋ ቀደደችው። አንዱን ኬክ በስድስት ቆርሳ በመጀመሪያ ለአባቷ ሰጠች። አባቷ ቀስ ብለው አላመጡና «ምነው፣ ይህ የፈረንጅ ነገር ኮረሪማ ኮረሪማ ይለኛል» አሉ። «የእማዬ ኮረሪማ ነው አባዬ» አለችና የራሷን ቁራሽ፣ ከጋገረችው ከ25 ቀን በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ውስጥ ጨመረች።